ስለ ብርሃን ሳጥን
የቤት ዕቃንና ውሃን በብርሃን ከጀርም ስለ ማጽዳት

ብርሃን ጀርም ይገድላል ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው በሆስፒታልና በላቦራቶሪ ያለውን ሐምራዊ መብራት ነው። ከኮሮና በሽታ ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ይህ መብራት በትንሽ ሳጥን ውስጥ ተገጥሞ ስልክን፣ ቁልፍን፣ የሕፃናትን ጡጦና ይህን የመሰለውን ሁሉ ያጸዳል እየተባለ በየአገሩ ተሽጧል። በክፍላችንም «ይህ ሳጥን እኮ ቀላል ነገር ነው፤ ለምን እኛው ራሳችን አንሠራውም?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። አንደኛው ወገን መብራቱን ከሱቅ ገዝተን እንሥራ ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ በዝቋላ ፀሐይ እያለልን መብራት ምን ያደርግልናል ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ወገን አሳብ ሳያስረዱ ወደ ራስ አሳብ መሮጥ ተገቢ ስላልሆነ፣ አስቀድሜ ስለ መብራቱ፣ ቀጥዬም ስለ ፀሐዩ እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ በመካከሉ ጥቂት ሒሳብ ስላለበት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

በዝናብ ጊዜ ቀስተ ደመና ሲወጣ ከቀይ ጀምሮ እስከ ሐምራዊ ድረስ ያሉትን ቀለማት ዓይናችን ያያል። ከሐምራዊው ቀጥሎ ግን ዓይን የማያየው ሌላ ብርሃን አለ። ይህን ያገኘው ዮሐን ሪተር የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው። እርሱም በ1801 እ.ኤ.አ. በብርሃን የሚጠቁር የብር ጨው የተቀባ ወረቀት ወስዶ ቀለማቱ በተዘረጉበት ላይ ቢያኖረው፣ ወረቀቱ ከሁሉ ፈጥኖ የጠቆረው ምንም ብርሃን በማይታይበት፣ ከሐምራዊው ባሻገር ባለው ስፍራ ሆነ። ይህ ጨረር ዛሬ አልትራቫዮሌት ይባላል።

ብርሃን እንደ ውሃ ሞገድ ነው፤ የሞገዱም ርዝመት የሚለካው በናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አልትራቫዮሌት በሦስት ይከፈላል፤ ከ400 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው ኤ፣ ከ315 እስከ 280 ያለው ቢ፣ ከ280 እስከ 100 ያለው ሲ ይባላል። ሞገዱ ባጠረ መጠን ጉልበቱ ይበረታል። ከፀሐይ ከሚመጣው ውስጥ ሲ የተባለውን ሙሉ በሙሉ፣ ቢ የተባለውንም አብዛኛውን በሰማይ ያለው የኦዞን ንጣፍና አየሩ ውጠው ያስቀሩታል፤ ወደ ምድር ከሚደርሰውም ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ኤ ነው። ይህን ክፍፍል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የክርክራችን ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ጀርሙ የሚሞተው እንዴት ነው? በማንኛውም ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ የዘሩ ትእዛዝ የተጻፈበት ዲ ኤን ኤ የሚባል ነገር አለ። ጀርም ሲራባ ይህን ጽሕፈት ይገለብጣል። አልትራቫዮሌት ሲ ሲያርፍበት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ከብራና ላይ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሁለት ጎረቤት ፊደላት በቀለም ተለውሰው ቢያገኝ አንብቦ ማለፍ እንደማይችል ሁሉ፣ ጀርሙም በዚያ ስፍራ ሲደርስ ግልበጣው ይቋረጣል። የተጣበቁት ፊደላት ብዙ ከሆኑ ጀርሙ ሊራባ አይችልም፤ መራባት ያልቻለ ጀርም ደግሞ ሰውን አያሳምምም። ኤ የተባለው ጨረር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በውሃ ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሆኖ ጀርሙን የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይፈጥራል፤ ስለዚህ ሥራው ዘገምተኛ ነው እንጂ ከንቱ አይደለም።

የፀሐይ ብርሃን ጀርም እንደሚገድል በሙከራ ያሳዩት ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። በ1877 እ.ኤ.አ. ስኳር ያለበትን ውሃ በብልቃጦች ሞልተው አንዳንዱን በፀሐይ አኖሩ፤ ሌላውን በእርሳስ ጠቅልለው ከዚያው ከፀሐዩ አጠገብ አስቀመጡ። የተጠቀለለው ደፈረሰ፤ ፀሐይ ያየው ግን ጠርቶ ቆየ። ሮበርት ኮህም የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ካገኘ በኋላ፣ በ1890 እ.ኤ.አ. ይኸው ጀርም በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን እንደሚሞት ተናግሯል። የዴንማርኩ ሐኪም ኒልስ ፊንሰን ደግሞ የቆዳ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። በገበያ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ብዙ ዓይነት ስላለ፣ ሰው በመልኩ ይታለላል። በባንክና በሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚለይበት መብራት አለ፤ ከእኛም ጓደኞች አንዱ ሳጥኑን በዚህ እንሥራው ብሎ ነበር። ይህ መብራት የሚሰጠው 365 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ኤ ነው፤ ያውም በጣም ደካማ ነው። በገንዘቡ ላይ ያለውን የምሥጢር ቀለም ያበራል እንጂ በገንዘቡ ላይ ያለውን ጀርም አይገድልም። ረዥሙ ነጭ የፍሎረሰንት መብራትም በውስጡ የሜርኩሪ ተን ቢኖርበትና ከተኑም የሚወጣው ጨረር ሲ ቢሆን፣ በመስተዋቱ ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ጨረሩን ወደ ተራ ብርሃን ይለውጠዋል፤ ያመለጠውንም መስተዋቱ ያስቀረዋል። እውነተኛው ጀርም ገዳይ መብራት 254 ናኖሜትር የሆነውን ጨረር የሚሰጥ፣ ዱቄት ያልተቀባ፣ ጨረሩን ከሚያሳልፍ ልዩ መስተዋት ወይም ከኳርትዝ የተሠራ የሜርኩሪ መብራት ነው። ሲበራ የሚታየው ሰማያዊ መሳይ ብርሃን ትርፍ ነገር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የማይታየው ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ ይህ መብራት ይገድላል፣ ይህኛው አይገድልም ሊል አይችልም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጀርም ላይ የሚያርፈው የጨረር መጠን የሚገኘው የብርሃኑን ብርታት በጊዜው በማባዛት ነው። በብዙ አገር የመጠጥ ውሃ በዚህ መብራት ሲጸዳ የሚፈለገው መጠን በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 40 ሚሊጁል ነው። በዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊዋት ነው ብንል፣ 40 ሰከንድ ይበቃል ማለት ነው። ብርታቱ ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ ግን 400 ሰከንድ ይፈጃል፤ ይኸውም ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ከትንሽ አምፑል የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርታቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጀርሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሞቱም። አንድ ዓይነት መጠን ከአሥሩ ዘጠኙን ቢገድል፣ ያው መጠን ሁለተኛ ሲደገም ከቀሩት ከአሥሩ ዘጠኙን ይገድላል። አንድ ሚሊዮን ጀርም ቢኖር በመጀመሪያው 100,000፣ በሁለተኛው 10,000 ይቀራል፤ አንድ ብቻ እስኪቀር ስድስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። የሻጋታ ዘር ደግሞ ጥቁር ቀለሙ ጋሻ ስለሚሆነው ከተራው ባክቴሪያ ብዙ እጥፍ መጠን ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ግን ብርሃኑ ለሚያርፍበት ስፍራ ብቻ ነው። የስኒው ጆሮ ጥላ ሥር ያለ ጀርም ምንም አልደረሰበትም። የቅባት እድፍ፣ የሊጥ ቅሪት፣ የአፈር ብናኝ ሁሉ ለጀርም ጣራ ነው። በሳሙና ያልታጠበ ዕቃ በብርሃን ይጸዳል ማለት ጨርሶ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ሳጥኑን መሥራት የሚፈልግ ምን ያስፈልገዋል? ብርሃን የማያስወጣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ከውስጥ በአሉሚኒየም የተለበጠ፤ ዕቃው ከላይም ከታችም ብርሃን እንዲያገኝ የሽቦ መደርደሪያ፤ ክዳኑ ሲከፈት ኮረንቲውን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ፤ ከውጭ ሆኖ ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት። አንባቢን ሊያስደንቅ የሚችለው ነገር፣ የፊት መስተዋትና ነጭ ቀለም ለዚህ ሥራ አለመጥቀማቸው ነው፤ ተራው መስተዋትና አብዛኛው ነጭ ቀለም 254 ናኖሜትር የሆነውን ጨረር ይውጡታል እንጂ አይመልሱትም። አሉሚኒየም ግን አብዛኛውን ይመልሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የማብሪያ ማጥፊያው ጉዳይ ነው። የበያጅ ሠራተኛ ያለ መከላከያ መነፅር ሲበይድ ውሎ ማታ ዓይኑ አሸዋ የተጨመረበት ያህል ሲቆጠቁጠው እንደሚያድር የከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ ሕመም የሚመጣው ከዚሁ ከአልትራቫዮሌት ነው። ክፋቱ በዚያው ሰዓት አለመሰማቱ ነው፤ ሰውየው ሳይጠራጠር ይቆይና ከሰዓታት በኋላ ይጀምረዋል። ቆዳንም ያቃጥላል። መብራቱ ቢሰበር ደግሞ የሚወጣው ሜርኩሪ መርዝ ነው። ክዳን ሲከፈት የማይጠፋ ሳጥን በሕፃናት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጀርሙ የባሰ ነገር ማምጣት ነው። በዚህ ላይ መብራቱ ከሩቅ ከተማ ይገዛል፤ ሲያረጅ ብርሃኑ እየታየ ኃይሉ ይደክማል፤ ይህንም የሚለካ መሣሪያ በእጃችን የለም። ኮረንቲ በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው የማይታሰብ ነው።

አሁን ወደ ፀሐይ እንሂድ። አያቴ በየሳምንቱ ቁርበቱንና አጎዛውን ከቤት አስወጥታ በድንጋይ አጥር ላይ ትዘረጋለች፤ ጋቢውንም ትገለብጠዋለች። «እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» ብዬ ብጠይቃት፣ «አንተ ልጅ፣ ፀሐይ ያልጠገበ ቁርበት ላይ እስቲ አንድ ሌሊት ተኛና ቁንጫው ያስተምርህ!» አለችኝ። መልሱ ለሳቅ ቢሆንም ሳይንስ አለበት። ቁንጫና ትኋን፣ እንቁላላቸውም ጭምር፣ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ አይተርፉም፤ በቀትር ፀሐይ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተዘረጋ ቁርበት ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ደረቅነቱም፣ ሙቀቱም፣ ጨረሩም በአንድነት ይሠራሉ። የቤት ልማድ ለሳይንስ መነሻ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያገኙት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ተመልክተው ነው።

የአገራችን አቀማመጥም ለዚህ የተመቸ ነው። ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እኛም ከዚያ ብዙ አንርቅም። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትውላለች፤ አንዱ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሁለተኛው በቡሄ ሰሞን ነው። ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ በቀትር ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ከፍታም ይረዳል፤ ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሰቆጣ ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ከመቶ ከ20 እጅ በላይ የበለጠ ጨረር ታገኛለች ማለት ነው። ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላችን በጨረሩ ቢያንስ በሙቀቱ ይክሳል።

ውሃን በፀሐይ ስለ ማጽዳት በቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አፍቲም አክራና ጓደኞቻቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል፤ በ1990ዎቹ ደግሞ በስዊስ አገር ያለው የውሃ ምርምር ተቋም አሳቡን አስፋፍቶታል። በ1996 እ.ኤ.አ. በኬንያ በማሳይ ልጆች መካከል የተደረገው ጥናት ተቅማጥ መቀነሱን አሳየ። ከእኛም ሩቅ ባልሆነው በሰሜን ጎንደር፣ በዳባት ወረዳ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምሁራን መንደሮችን በሁለት ከፍለው መርምረው፣ ውሃቸውን በፀሐይ ባጸዱት ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ተቅማጥ መቀነሱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቀለም የሌለው፣ ያልተጫጫረ፣ ከሁለት ሊትር የማይበልጥ የሃይላንድ ጠርሙስ በሳሙና ይታጠባል። ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልቶ፣ ኦክሲጅን እንዲገባበት 20 ሰከንድ ያህል መነቅነቅ፤ ከዚያ እስከ አፉ ሞልቶ መክደን። ጠርሙሱ በቆርቆሮ ጣራ ወይም በተወለወለ ቆርቆሮ ላይ ጥላ በማያገኘው ስፍራ በጎኑ ይጋደማል። ብሩህ ቀን ከሆነ 6 ሰዓት ይበቃዋል፤ ከሰማዩ ግማሹ በላይ ደመና ከሆነ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ይቆያል። ውሃው 50 ዲግሪ ከደረሰ ሙቀቱና ጨረሩ ተጋግዘው በአንድ ሰዓት ይጨርሳሉ። ውሃው ከዚያው ጠርሙስ ይጠጣል፤ ወደ ሌላ ዕቃ ከተገለበጠ እንደ ገና ሊበከል ይችላልና። ጀሪካን ለዚህ አይሆንም፤ ውፍረቱና ቀለሙ ብርሃኑን ይከለክላል። የውሃው ጥራት በጽሑፍ ይፈተናል። ጠርሙሱን በጋዜጣ ላይ አቁሞ ከአፉ በኩል ወደ ታች ሲያዩ ትልልቁ ፊደል ካልተነበበ፣ ውሃው ድፍርስ ስለ ሆነ አስቀድሞ መጥለልና መጣራት አለበት። በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውም ሆነ መርዝ በፀሐይ አይለቅም።

ሁለተኛው ዘዴ የሙቀት ሳጥን ነው፤ እኔ የብርሃን ሳጥን ብዬ ስከራከርለት የነበረውም ይኸኛው ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ካርቶን ተወስዶ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይገባል፤ በመካከላቸው ጭድ ይጠቀጠቃል። ትንሹ ካርቶን ከውስጥ በብርማ ወረቀት ይለበጣል። ውጭው በጥላሸት የጠቆረ ትንሽ ድስት ከነክዳኑ ይቀመጥበታል። ላዩ በመስኮት መስተዋት ይከደናል፤ የትልቁ ካርቶን ክዳንም ብርማ ወረቀት ተለጥፎበት ብርሃኑን ወደ ውስጥ እንዲመልስ በእንጨት ተደግፎ ይቆማል። በጥሩ ፀሐይ ውስጡ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከላይ እንዳልሁት መስተዋት ብርቱውን ጨረር ስለሚያስቀር፣ እዚህ ጀርም የሚሞተው በሙቀት ነው። ስለዚህም ጥላ ሥር ያለውም፣ በስኒ ጆሮ ሥር የተሸሸገውም አይተርፍም። የሕፃን ጡጦና ማንኪያ ታጥቦ በድስቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ከጠጪው ውሃ ጋር አብሮ ይጸዳል።

ውሃው በቂ ሙቀት ማግኘቱን ያለ ቴርሞሜትር እንዴት እናውቃለን? በዋግ ማር ያለበት ቤት ሁሉ ሰም አለው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ወተት በፋብሪካ ከጀርም የሚጸዳው ደግሞ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በማቆየት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መገጣጠማቸውን ሳገኝ ደስታዬ ታላቅ ነበር። በትንሽ የመስተዋት ብልቃጥ ወለል ላይ የባቄላ ያህል ሰም አቅልጦ ማርጋት፤ ብልቃጡን አጥብቆ ከድኖ፣ ጠጠር አስሮበት፣ አፉን ወደ ታች ገልብጦ በድስቱ ውሃ ውስጥ ማኖር። ሰሙ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ውሃው አልደረሰም። ቀልጦ ወደ ክዳኑ ከወረደ ደርሷል፤ ቢቀዘቅዝም እንኳ ከታች ረግቶ ስለሚገኝ ይመሰክራል። ከቀለጠ በኋላ ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት መጨመር ነው።

ውሃ ካልፈላ ጀርሙ አይሞትም የሚሉ ብዙ ናቸው። በሰቆጣ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም፤ ያም ከሚፈለገው እጅግ ያለፈ ነው። ማፍላት ሁልጊዜ የሚታመን መንገድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በየቀኑ የሚጠጣውን ሁሉ ለማፍላት የሚያስፈልገው እንጨት ከየት ይምጣ? በአካባቢያችን እንጨት ለመልቀም የሚሄዱት እነማን እንደ ሆኑ፣ ስንት ሰዓት ከትምህርት እንደሚቀሩም የክፍላችን ሴት ተማሪዎች ከእኔ ይልቅ አብልጠው ሊጽፉት ይችላሉ።

የፀሐዩ መንገድ አንድ ትልቅ ድካም አለበት፤ እርሱም ክረምት ነው። ጎርፉ ምንጩን አደፍርሶ የሕፃናት ተቅማጥ በሚበዛበት በዚያው ወቅት ሰማዩ ይደምናል። በዚህ ጊዜ ውሃውን በማሰሮ አሳድሮ ጥላዩን ቀስ ብሎ መቅዳት፣ በንጹሕ ነጠላ አራት እጥፍ ማጣራት፣ ከዚያም ውሃ አጋር ወይም ሌላ የክሎሪን መድኃኒት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክር ጋር መጨመር ይሻላል። መድኃኒቱም ከሌለ ለትንንሾቹ የሚጠጣውን ብቻ ለይቶ ማፍላት ነው። ካርቶኑ በዝናብ እንዳይበሰብስ እስከ መስከረም በቆጥ ላይ ይቀመጣል፤ ሰሙ ያለበት ብልቃጥ ግን አፉን ወደ ላይ አድርጎ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አለዚያ ሰሙ በሙቀት ለስልሶ ወደ ክዳኑ የወረደ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሐሰት ይመሰክራል።